ጸበል የጠጣው ዶዘር

ይህን ታሪክ በአፌ ስናገር መሐሉ ላይ ሳቅ ያቋርጠኛል፤ ጨርሼው አላውቅም። ስለዚህ በጽሑፍ ላድርገው ብያለሁ። ብዕር ሲስቅ ቢያንስ ድምፁ አይሰማም።

በመጀመሪያ ያኔ ማን እንደ ነበርኩ ልንገራችሁ። ጊዜው የጃንሆይ መንግሥት ማብቂያ አካባቢ ነው። ሃያ ዓመቴ ነበር። ደብረ ማርቆስ እየተማርኩ አሥረኛ ክፍል ደርሻለሁ። እዚያ ላይ ትምህርቴ ቆመ። ያቆመው የታላቅ ወንድሜ የይሁኔ ሞት ነው።

ይሁኔ ከቁይ ከተማ ወጣ ብሎ በነበረ የመንገድ ሥራ ካምፕ የዘይት ቤቱ ኃላፊ ነበር። ከካምፑ ዶዘር ጋር ለሥራ ዓባይ በረሃ ወርዶ ወባ ይዞት ተመለሰ። ደብረ ወርቅ፣ እናታችን ቤት፣ ብዙም ሳይተኛ አረፈ። አርባው እንደ ወጣ የካምፑ ዋና መካኒክ ጋሽ ታደገ ሰው ላኩብኝ። መልእክቱ አጭር ነበር። «የዘይት ቤቱን ቁልፍ ለማላውቀው ሰው አልሰጥም። የይሁኔ ወንድም ይምጣ።» ሄድኩ። ምን አማራጭ ነበረኝ? እናቴ ሌላ ልጅ የላትም።

ጋሽ ታደገ ቀጭን ሰው ናቸው። ቃል ሲያወጡ ጥርስ የሚነቀልባቸው ይመስላሉ። ሥራውን ያስተማሩኝ በአንድ ቀን ነው፤ ያስተማሩኝም ይሁኔ ይሠራ የነበረበትን መንገድ ነው። በርሜሎቹ በቆርቆሮው ጥላ ሥር በጎናቸው ይተኛሉ። ቆመው ከዋሉ ዝናብ አናታቸው ላይ ያቁራል፤ በርሜሉ ቀን ሞቆ ማታ ሲበርደው ያንን ውኃ በክዳኑ ጥርስ በኩል ወደ ውስጥ ይስበዋል። ይህን ስሰማ አላመንኩም። በርሜል ይተነፍሳል ማለት እኮ ነው! ክዳን ከመከፈቱ በፊት ዙሪያው ይጠረጋል። ሲጠረግም ክር በሚለቅ የጥጥ ጨርቅ አይደለም። መቅጃው ቆርቆሮ ክዳን ባለው ሣጥን ውስጥ ያድራል።

«ዘይት ሁለት ጠላት አለው» አሉኝ ጋሽ ታደገ ሁለት ጣታቸውን አንሥተው። «ውኃና አቧራ። ሌላውን እኔ እችለዋለሁ።»

በካምፑ አንድ ዶዘር ብቻ ነበረን። ቢጫ ነው። ከፊቱ ያለውን ሰፊ ብረት፣ እኛ ምላጭ የምንለውን፣ ከፍና ዝቅ የሚያደርገው የዘይት ግፊት ነው። ዘይቱ ከቆሸሸ የሚገፋው ፖምፓ ይበላል። ፖምፓው ከተበላ መለዋወጫው ከባሕር ማዶ እስኪመጣ መንገዱ ቆመ፤ ሁላችንም ቆምን። እኔ ደግሞ ከሁሉም ቀድሜ እባረራለሁ።

እንግዲህ ወደ ነገሩ ልግባ።

አንድ የታኅሣሥ ማለዳ እናቴ ሳታስነግር መጣች። ሌሊት ከደብረ ወርቅ ተነሥታ በእግሯ ነው የመጣችው። ጥቁር የተነከረ ቀሚሷን ለብሳለች። በአንድ እጇ በሶ የቋጠረችበት ጨርቅ፣ በሌላው አፉ በበቆሎ ቆረቆንዳ የተወተፈ ጠርሙስ ይዛለች። ጠርሙሱን አይቼ ለእኔ የመጣ ጸበል ነው ብዬ አሰብኩ። ተሳስመን ተላቀስን። ከዚያ ቀና ብላ ዶዘሩን አየችው።

«ይሄ ነው?»

«ይሄ ነው፣ እማ።»

«ይሁኔ ሲያበላው የነበረ?»

«ሲያጠጣው። ዘይት ነው የሚጠጣ።»

«በየት በኩል ነው የሚጠጣ?»

ያን ጊዜ ኩራት ያዘኝ። ጎኑ ላይ ያለውን የዘይት ጋን፣ በሸራ የተሸፈነ ክዳኑን፣ በጣቴ አሳየኋት። «ዋናው ይሄ ነው። ይሄ ደኅና ከሆነ ሁሉም ደኅና ነው» አልኳት። አያችሁ? እኔው ራሴ ነኝ ያሳየኋት!

ወዲያው ከደብረ ማርቆስ የጭነት መኪና መጣና ጋሽ ታደገ ጠሩኝ። እናቴን ከዘበኛው ከጋሽ ወርቁ ጋር ትቻት ሄድኩ። ጋሽ ወርቁ በልጅነታቸው ደብረ ወርቅ ድጓ ጀምረው ያቋረጡ ሰው ናቸው። ከእናቴ ጋር የሚያወሩት አያጡም ብዬ ነው። አላጡም።

ጭነቱን አውርደን ስንጨርስ ረፋድ ሆነ። ስመለስ ዶዘሩ ከቦታው የለም። ኦፕሬተሩ ደሴ አስነሥቶት ወደ ወንዙ ቁልቁለት እየሄደ ነው፤ ድምፁ ይሰማኛል። እናቴ ዘይት ቤቱ ደጃፍ ተቀምጣ በሶ ትበጠብጣለች። ፊቷ በርቷል። ከቀብር ወዲህ እንዲህ አላየኋትም።

«ና ብላ። አሁን እፎይ አልኩ» አለችኝ።

«ምን ተገኘ?»

«ጠጣልኝ።»

«ማን?»

«ያ ቢጫው ነዋ።»

በሶውን ተጎንጭቻለሁ። አልዋጥኩም። «ምን ጠጣ፣ እማ?»

«ጸበል። ጠርሙሱን እንዳለ። ወንድምህን በረሃ የወሰደ እሱ ነው፣ አንተን እንዳይወስድብኝ። ጋሽ ወርቁ፣ ዕድሜ ይስጣቸው፣ ክዳኑን ያዙልኝ። በስመ አብ ብዬ ሦስት ጊዜ አጎረስኩት። እምነቱንም ጨመርኩለት።»

እምነት ማለት እንግዲህ ያ ከደብሩ የሚሰጠው፣ ሕመምተኛ ግንባሩን የሚቀባው አመድ ነው።

«ስንት እምነት?»

«እፍኝ ሙሉ ነዋ! ላንተ ምን እሰስታለሁ?»

ውኃና አቧራ። ሁለቱም። በአንድ ማለዳ። በእናቴ እጅ።

ሮጥኩ። የበሶውን ጣሳ እንኳ ማስቀመጥ አልታወሰኝም። ዶዘር ቀርፋፋ ነው፤ ደረስኩበት ማለት ይቻላል፤ ግን የሞተሩ ድምፅ ጆሮ ይደፍናል። «አቁም! ደሴ፣ አቁም!» ደሴ ዞር ብሎ አየኝ። ባርኔጣውን አወለቀና ሰላምታ ሰጠኝ። እጄን ከላይ ወደ ታች አወናጨፍኩ፤ ምላጩን አትንካው፣ ተወው ማለቴ ነው። ደሴ ወደ ኋላዬ ተመለከተ። እናቴ ቀሚሷን ሰብስባ እየተከተለችን ነው። ልጁ ለእናቱ አሳያት እያለኝ ነው ብሎ ገመተ። ደስ አለው። ምላጩን ወደ ላይ አነሣው። ዝቅ አደረገው። እንደገና አነሣው።

ከኋላዬ እልልታ ሰማሁ።

«እልልል! ሰገደ! ልጄ ሙት፣ ሰገደ!»

ቁልቁለቱ ላይ ድንጋይ የሚፈነቅሉ ሠራተኞች ዶማና አካፋቸውን ጥለው አጨበጨቡ። ደሴ ጭብጨባ ሲያገኝ ጊዜ ባሰበት። ምላጩን ወደ ቀኝ አዘመመው፣ ወደ ግራ አዘመመው፣ እንደ ዘማሪ አወዛወዘው። እኔ እያንዳንዱ ስግደት ያንን አመድ ወደ ፖምፓው ሲያስገባው በዓይነ ኅሊናዬ ይታየኛል። እጄን ባወናጨፍኩ ቁጥር ይሰግዳል። እጄን ባወረድኩ ቁጥር ይሰግዳል። እያለቀስኩ ነበር፤ በኋላ ግን ድምፄን ሳዳምጠው እየሳቅኩ ነው። ሆዴን ይዤ መሬት ላይ ቁጭ አልኩ።

ያቆመው የእኔ መቀመጥ ነው። ደሴ ልጁ ወደቀ ብሎ ሞተሩን አጠፋና ዘሎ ወረደ። «ምን ሆንክ? አመመህ?»

ክዳኑን ከፈትኩለት። ዘይቱ ነጥቷል። አሬራ ሆኗል፤ አረፋ አውጥቷል።

ደሴ አጎንብሶ አሸተተ። «ምን አጠጣችሁት? ጠላ ነው?»

«ጸበል» አልኩት በጆሮው።

ቀና አለ። «እኔ እኮ ዛሬ ምነው ምግባሩ አማረ እያልኩ ነበር» አለኝ። ከዚያ ወዲያ ሁለታችንም ብረቱን ተደግፈን መቆም አቃተን።

ሳቁን የቆረጠው የጋሽ ታደገ ጫማ ነው። ድንጋይ ሲረግጡ ሰማንና ቀጥ ብለን ቆምን። እናቴም በዚያው ቅጽበት እያለከለከች ደረሰች። አሁንም ፊቷ እንደ በራ ነው፤ ነገሩ ገና አልገባትም። ሥራዬን ባጣ አጣሁ። ግን የልጇን ማሽን የገደለችው እሷ መሆኗን ከሰማች ምን ትሆናለች? ይሁኔን ሁለተኛ ጊዜ ቀበረችው ማለት ነው። መስማት የለባትም አልኩ በልቤ።

ጋሽ ታደገ ወደ ጋኑ ውስጥ ተመለከቱ። «ይሄን ክዳን ማን ከፈተ?»

«እኔ ነኝ» አልኩ። «ሳልዘጋው ሄጄ... ውኃ ገባበት።»

ቀና ብለው ሰማዩን አዩት። የታኅሣሥ ሰማይ ነው፤ የደመና ብጣሽ የለበትም። «ውኃ ከየት?»

ደሴ ሊያድነኝ ፈልጎ «ጤዛ ይሆናል፣ ጋሽ ታደገ» አለ።

ጋሽ ታደገ ጣታቸውን ነከሩ። በሁለት ጣታቸው አሹት። ግራጫ ነገር ጣታቸው ላይ ቀረ።

«አመድ ያለው ጤዛ» አሉ።

ደሴ ፊቱን ወደ ወንዙ አዞረ። ትከሻው ሲንቀጠቀጥ አያለሁ። እኔ ከንፈሬን ነክሼ ቀረሁ።

«ቁልፉን አምጣ» አሉኝ። ከአንገቴ አውልቄ ሰጠኋቸው። «ፖምፓው ከተበላ ካምፑን ለቀህ ትሄዳለህ። አሁን ይሄን አውጡና ጉድጓድ ውስጥ ድፉት።»

ይህን ማለታቸው ነው ነገሩን ያፈነዳው። ጋሽ ወርቁ ከኋላ፣ ዱላቸውን ወደ ላይ ይዘው፣ እየጮኹ መጡ። «እንዳትደፉት! በእግዜር፣ እንዳትደፉት! የሰው እግር በሚረግጠው መሬት? ጸበል እኮ ነው ያለበት!»

ደሴ ዓይኑን ጨፈነ።

«ምን አሉ?» አሉ ጋሽ ታደገ።

ጋሽ ወርቁ አሁን ነው አፋቸውን በእጃቸው የያዙት። እናቴ እሳቸውን አየች፣ ጋኑን አየች፣ እኔን አየች። ፊቷ ላይ የነበረው ብርሃን ሲወርድ አየሁት።

«ምነው? አልተስማማውም?» አለች። «አበላሸሁት? የይሁኔን ዕቃ?»

ጋሽ ታደገ ጥቁር ቀሚሷን አሁን ገና ያዩት መሰለኝ። ባርኔጣቸውን አወለቁ። «የይሁኔ እናት ነዎት፣ እመይቴ?»

«ነኝ።»

ጥርስ የሚነቀልባቸው ሰውዬ የሚሉትን ሲፈልጉ ቆዩ። «አላበላሹትም» አሉ በመጨረሻ። «ታመመ እንጂ። ውኃው ካልወጣለት ግን አይድንም። የዛሬው መኪናም ይሄን ዓይነት ዘይት አላመጣም። በእሳት ማድረቅ ይቻላል፤ አንድ ጊዜ ሞክሬ ገንፍሎብኛል።»

«በእሳት?» አለች እናቴ። እንባዋን በቀሚሷ ጫፍ ጠረገች። «ቅቤ አንጥራችሁ አታውቁም እንዴ?»

ከዚህ በኋላ የሆነውን ብታዩት! ጋኑን ባዶ አደረግን። ከሥሩ ቀድሞ የወጣውን ውኃ ጋሽ ወርቁ በንጹሕ ማሰሮ ተቀብለው፣ እግር የማይደርስበት ቦታ ብለው፣ ከደብሩ ቅጥር ውስጥ አንድ ጽድ ሥር ሊያደርሱት ሄዱ። ዘይቱን ለሁለት በተቆረጠ በርሜል ውስጥ ገለበጥነው። ጋሽ ታደገ አሸዋ የሞላ ባልዲ አጠገባቸው አኖሩ፤ እሳት ቢነሣ ለማፈን ነው። እናቴ ግን የእሳቱን አለቅነት ለማንም አልለቀቀችም።

«ነበልባሉን አጥፉት! ፍም ብቻ! ምነው፣ ልታቃጥሉት ነው?»

«እሺ፣ እመይቴ» ይላሉ ጋሽ ታደገ።

«አንተ ረጅሙ፣ አታማስለው። ይተኛበት።»

«እሺ፣ እመይቴ» ይላል ደሴ።

ዘይቱ መንጣጣት ጀመረ። ልክ እንደ ቅቤ። ጣ፣ ጣ፣ ጣጣጣ። አረፋው ወጣ፣ ወረደ። እናቴ ቁጢጥ ብላ ጆሮዋን አዘንብላለች። ጋሽ ታደገ አንድ ነገር ሊያስረዱን አፋቸውን ሲከፍቱ «ዝም በል!» አለቻቸው። አንተ ብላ! የካምፑን ዋና መካኒክ! እሳቸውም ዝም አሉ። ደሴ በሹክሹክታ «እኔ ሰባት ዓመት ሙሉ ይህን ልላቸው ስፈልግ ኖሬአለሁ» አለኝና እንደገና አሳቀኝ። ሳቄን ለማፈን የገዛ ክንዴን ነከስኩ።

መንጣጣቱ እየሳሳ፣ እየሳሳ ሄደ። አንድ እዚህ፣ አንድ እዚያ። ከዚያ ጸጥ።

«አሁን» አለች እናቴ። ዓይኗ እንባ ሞልቶ ነበር። ጭስ ነው ብዬ አለፍኩት።

ጋሽ ታደገ ማስረጃ ይወዳሉ። የአካፋ ጀርባ በፍም አግለው አንድ ጠብታ ጣሉበት። ቀድሞ ያስቀሩት የታመመው ዘይት እዚያው ብረት ላይ እንደ ፈንዲሻ ነበር የፈነዳው። ይሄኛው ዝም አለ። ሁለተኛ ጣሉ። ዝም። ሦስተኛ ጣሉ። ጭሱ ብቻ ወጣ። እናቴን ቀና ብለው አዩዋት።

ቀረ አመዱ። በፖምፓው አፍ ላይ ያለውን ወንፊት ፈታነው። ያ ሁሉ እምነት፣ ልክ እንደ ጭቃ ልስን፣ ወንፊቱ ላይ ተለጥፎ ተገኘ። ወደ ውስጥ ያለፈ ካለ ጥቂት ነው። ጋሽ ታደገ ወንፊቱን ወደ ፀሐይ አንሥተው ሲያገላብጡት ቆዩ። ዘይቱ እስከ ማግስቱ እንዲረጋ ተሸፍኖ አደረ። ጠዋት ከላይ ከላይ ብቻ ቀዳሁና በቀጭኑ የሽቦ ወንፊት አሳለፍኩት። ጋኑን አጥበን፣ አድርቀን፣ ሞላነው።

ደሴ ወጥቶ ተቀመጠ። ጋሽ ታደገ እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው ቆሙ። ጋሽ ወርቁ ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል። እናቴ እልል ለማለት ፈርታ ነጠላዋን አፏ ላይ ጎስጉሳዋለች። ሞተሩ ተነሣ። ደሴ እጀታውን ሳበ። ምንም የለም። ምንም የለም። ከዚያ ምላጩ ሳይንቀጠቀጥ፣ ሳይቸኩል፣ ዝም ብሎ ተነሣ። እላይ ቆመ። እዚያው ቀረ።

ደሴ ወደ እናቴ አዞረውና ቀስ አድርጎ ዝቅ አደረገው።

«አሁን ነው የሰገደ» አለች እናቴ ከነጠላዋ ሥር። «የትናንቱ ታሞ ነው።»

አንድ የማላውቀው ድምፅ ሰማሁ። ዝገት እንደ ያዘው የብረት በር ያለ። ጋሽ ታደገ ሲስቁ ነው። ቁልፉን ከኪሳቸው አውጥተው እጄ ላይ ጣሉት። «ክዳኑ ላይም ቁልፍ አድርግበት። እናትህን ብዬ አይደለም፤ ጋሽ ወርቁን ነው የምፈራው።»

ከሰዓት በፊት እናቴን ልሸኛት ወጣሁ። ብዙ ከሄድን በኋላ ቆም አለች።

«ዘይቱ ዝም ሲል ያለቀስኩት ለምን መሰለህ?»

«ጭሱ መስሎኝ።»

«ወንድምህም እንደዚያ ነበር።»

ይሁኔ ሲሞት አልነበርኩም። ደብረ ማርቆስ ፈተና ላይ ነበርኩ። እንዴት እንደ ሞተ እናቴን ጠይቄአት አላውቅም። ፈርቼ ነው።

«ሲንቀጠቀጥ፣ ሲቃጠል፣ ሲወራጭ ዋለ» አለችኝ። «በኋላ እየቀነሰለት፣ እየቀነሰለት መጣ። ከዚያ ዝም አለ። እኔ ያን ዝምታ እስከ ትናንት ድረስ እጠላው ነበር። በየሌሊቱ ይቀሰቅሰኝ ነበር። ትናንት ሳዳምጥ ግን... ሕመሙ ነው የወጣለት፣ የኔ ልጅ። ሕመሙ ነው።»

ይህን የምታነቡ ወዳጆቼ፣ እኔ ከዚያ በኋላ ዕድሜዬን በሙሉ ዘይት ስጠብቅ ኖርኩ። እስከዚያ ቀን ድረስ የወንድሜን ቦታ ይዤ የተቀመጥኩ እንግዳ ነበርኩ፤ ቁልፉ አንገቴ ላይ ይከብደኝ ነበር። ጋሽ ታደገ መልሰው ሲጥሉልኝ የራሴ ሆነ። በጸበል ላይ ክፉ ቃል አልናገርም፤ እንዳይመስላችሁ። እናቴ በየዓመቱ እየመጣች ዶዘሩን ረጭታዋለች፤ ከውጭ በኩል፣ ቆመን እያየናት። ደግሞ ከእናንተ መሐል ሞት የደረሰበት ካለ፣ እኔ የፈራሁትን ጥያቄ አትፍሩት። እንዴት እንደ ሞተ ጠይቁ። የምትሰሙት ከምታስቡት ይቀላል።

አንድ ነገር ዘለልኩ። ያን ቀን፣ እናቴ ያን ከነገረችኝ በኋላ፣ መንገድ ዳር ድንጋይ ላይ ተቀምጠን አለቀስን። ትንሽ ቆይታ አፍንጫዋን ጠረገችና ሁለት ጣቷን እያሸች፣ በጋሽ ታደገ ድምፅ፣ «አመድ ያለው ጤዛ» አለች። አለቀልኝ። እሷም አለቀላት። እየተደጋገፍን ስንስቅ አህያ የሚነዳ ሰው ከጉንደ ወይን አቅጣጫ መጣ። የእናቴን ጥቁር ቀሚስ አየ፤ እንባችንን አየ፤ ባርኔጣውን አነሣ።

«ነፍስ ይማር» አለን በሐዘን።

«አሜን» ለማለት ሞከርን። እግዚአብሔር ያውቃል፣ ሞከርን።